መድኃኒቱ እያለ የማይድነው ሕመም፦ አንቲባዮቲክን የተላመዱ ባክቴሪያዎችና የዓለም ምላሽ

በየካቲት ወር 1941 በእንግሊዝ ሀገር በኦክስፎርድ ከተማ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ፊታቸው ላይ ጀምሮ ወደ ሳንባቸው የዘለቀ ኢንፌክሽን ይዟቸው ለሞት ተቃርበው ነበር። ሐኪሞቻቸው ፔኒሲሊን የተባለ፣ በታመመ ሰው ላይ ገና በቅጡ ያልተሞከረ መድኃኒት በደም ሥራቸው ሰጧቸው። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳታቸው በረደ፤ የምግብ ፍላጎታቸውም ተመለሰ። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ በብዙ ድካም ያጠራቀሙት መድኃኒት እጅግ ጥቂት ነበር። ከታማሚው ሽንት ውስጥ እያጣሩ መልሰው እስከ መስጠት ቢደርሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሟጠጠ። ሕመሙ አገረሸ፤ ታማሚውም በመጋቢት ወር ሕይወታቸው አለፈ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኚህ ሰው የሞቱት መድኃኒቱ ስላልበቃ ነው። ከሰማንያ ዓመታት በኋላ ዓለምን ያስጨነቀው ችግር ግን ሌላ መልክ አለው። ዛሬ መድኃኒቱ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ሞልቷል፤ ለታማሚውም በሰዓቱና በመጠኑ ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ግን አይሞትም። የሕክምና ባለሙያዎች ይህን «የፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒቶች መላመድ» ይሉታል።

ችግሩን ከሌሎች የጤና ችግሮች ለየት የሚያደርገው አንድ ባሕርይ አለው። የአንቲባዮቲክ ፈዋሽነት የማንም የግል ንብረት አይደለም። እንደ መንደር ምንጭ የወል ሀብት ነው፤ አንዱ ያለ ልክ ሲቀዳ የሌላው እንስራ ባዶ ይቀራል። ስለዚህም መፍትሔው አዲስ መድኃኒት ከማግኘት ባሻገር ያለውን መድኃኒት ማን፣ መቼና እንዴት ሊጠቀምበት ይገባል የሚለውን ጥያቄ በጋራ መመለስን ይጠይቃል።

የጉዳቱ ስፋት

በ2022 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ የ204 ሀገራትና ግዛቶችን መረጃ የመረመረ ጥናት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። ይህ ማለት ባክቴሪያው በመድኃኒት የሚሞት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ሊተርፉ ይችሉ ነበር ማለት ነው። መድኃኒት የተላመደ ኢንፌክሽን ለሞታቸው አስተዋጽኦ ያደረገባቸው ሰዎች ሁሉ ሲደመሩ ደግሞ ቁጥሩ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል። ቀጥተኛው የሞት ቁጥር ብቻ በዚያው ዓመት በኤች አይ ቪ ኤድስ ወይም በወባ ከሞቱት ሰዎች ቁጥር ይበልጣል።

ጉዳቱ በእኩል አልተከፋፈለም። ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበው ከሰሃራ በታች ባለው የምዕራብ አፍሪካ ክፍል ነው። በቀጥታ ከሞቱት አምስት ሰዎች መካከልም አንዱ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነበር። በ2024 የወጣ ተከታይ ጥናት ደግሞ አካሄዱ ካልተለወጠ ከ2025 እስከ 2050 ባለው ጊዜ ከ39 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚሁ ቀጥተኛ ምክንያት ሊሞቱ እንደሚችሉ ተንብይዋል።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ስጋት የዘመናዊ ሕክምና መሠረት መናጋቱ ነው። በቀዶ ሕክምና መውለድ፣ የዳሌ አጥንት መተካት፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ የካንሰር ኬሞቴራፒ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ማሳደግ፣ እነዚህ ሁሉ የሚቻሉት ኢንፌክሽን ቢነሣ የሚገታው መድኃኒት አለ ተብሎ ስለሚታመን ነው። ያ እምነት ሲጠፋ የቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ራሱ አደገኛ ይሆናል።

የሚላመደው ማን ነው?

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ» ሲባል በየቦታው ይሰማል። «መላመድ» የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ የተሳሳተ ግንዛቤ በር ሳይከፍት አልቀረም። የሚላመደው የሰው አካል ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። በመሆኑም በሕይወቱ አንድም የአንቲባዮቲክ ክኒን ውጦ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ የተወለደ ሕፃን ሳይቀር፣ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት የባክቴሪያን የመራባት ፍጥነት ማሰብ ይጠቅማል። በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሁኔታው ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ስሌት አንዱ ባክቴሪያ በ10 ሰዓታት ውስጥ 30 ጊዜ ተከፋፍሎ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። በእያንዳንዱ መከፋፈል የዘር መልእክቱ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስሕተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስሕተት ጥቅም የለውም፤ አንዳንዱ ግን ባለቤቱን ከመድኃኒቱ ያስጥለዋል። አንቲባዮቲክ ሲመጣ ደካሞቹ ይሞታሉ፤ ያ አንዱ ይተርፋል፤ ቦታውንና ምግቡን ብቻውን ወርሶ ይራባል። እንግዲህ መድኃኒቱ ጠንካራውን ባክቴሪያ አልፈጠረውም፤ ተፎካካሪዎቹን በማጥፋት መንገዱን ጠረገለት እንጂ።

ባክቴሪያዎች ከመድኃኒት የሚያመልጡባቸው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው። አንደኛው መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም ማምረት ነው፤ ፔኒሲሊንንና ዘመዶቹን የሚያከሽፈው በአብዛኛው ይህ ነው። ሁለተኛው የገባውን መድኃኒት ልክ እንደ ውኃ መሳቢያ ሞተር ወደ ውጭ መትፋት ነው። ሦስተኛው መድኃኒቱ የሚይዘውን የአካል ክፍል ቅርጽ መለወጥ ነው፤ ቁልፉ ያው ነው፣ የበሩ ጓጉንቸር ግን ተቀይሯል። አራተኛው መድኃኒቱ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ማጥበብ ወይም መዝጋት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ባክቴሪያዎች ይህን ችሎታ እርስ በርስ መቀባበላቸው ነው። ፕላዝሚድ የሚባሉ ቀለበት መሰል የዘረመል ቁራጮች ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ዝርያው ወደተለየ ባክቴሪያ ይተላለፋሉ። አንድ ፕላዝሚድ ብዙ ዓይነት መድኃኒቶችን የሚያከሽፉ ዘረመሎችን በአንድነት ተሸክሞ ሊጓዝ ይችላል።

ችሎታው ራሱ የሰው ልጅ ፈጠራ አይደለም። በ2011 ተመራማሪዎች በካናዳ ዩኮን ግዛት 30 ሺህ ዓመት ካስቆጠረ የረጋ በረዶ ውስጥ አንቲባዮቲክን የሚቋቋሙ ዘረመሎችን አግኝተዋል። ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ከአፈር ሻጋታና ባክቴሪያ የተገኙ ናቸውና እነዚህ ደቂቅ ፍጥረታት እርስ በርስ ሲዋጉ ኖረዋል። የሰው ልጅ ያደረገው መድኃኒቱን በገፍ አምርቶ በሆስፒታል፣ በእርሻና በወንዝ በመበተን ያንን ጥንታዊ ችሎታ ተፈላጊ ማድረግ ነው።

ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ ተነግሯል

ፔኒሲሊንን በ1928 በለንደን ያገኙት ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር አንድ ቀን መድኃኒቱ ማንም በቀላሉ ከሱቅ የሚገዛው እንደሚሆን፣ ያኔም ሰዎች ከሚገባው በታች እየወሰዱ ባክቴሪያውን ከመግደል ይልቅ መድኃኒቱን እንዲቋቋም ሊያሠለጥኑት እንደሚችሉ አስጠንቅቀው ነበር።

የተፈራው ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ፔኒሲሊንን የሚሰብሩ ባክቴሪያዎች በሆስፒታሎች ሲበዙ እነርሱን የሚያሸንፍ ሜቲሲሊን የተባለ መድኃኒት ተሠራ፤ በ1961 ግን እርሱንም የተቋቋመ ባክቴሪያ በእንግሊዝ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ተመሳሳይ ነው፦ አዲስ መድኃኒት ይወጣል፤ በብዛት ይሠራበታል፤ የሚቋቋመው ባክቴሪያ ይከተላል። በ1950ዎቹ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ኮሊስቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተትቶ ነበር። ሌሎቹ መድኃኒቶች ሲከሽፉ ሐኪሞች እንደ መጨረሻ መጠባበቂያ መለሱት። በኅዳር 2015 ግን የቻይና ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ፣ በፕላዝሚድ የሚተላለፍ ዘረመል በአሳማዎች፣ በሥጋና በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ማግኘታቸውን አስታወቁ። መድኃኒቱ በሰው ላይ በቁጠባ ሲሰጥ ለአሳማዎች ግን እንዲወፍሩ ተብሎ ከመኖ ጋር ይደባለቅ ነበር። ቻይና ይህን አሠራር በ2017 አግዳለች።

ብክነትና እጥረት ጎን ለጎን

የመላመዱ ምንጭ አንድ አይደለም። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የሚመጡት በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ይሁንና ለጉንፋንና ለጉሮሮ ሕመም አሞክሳሲሊን መግዛት በብዙ ሀገራት የተለመደ ነው። የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ በቁስል ላይ ሲነሰነስ፣ ከሌላ ሕመም የተረፈ ክኒን ለጎረቤት ሲታደል፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ብቻ ሲሸጥ፣ በየጊዜው የሚከሰተው ከላይ የተገለጸው ምርጫ ነው። የሚሞቱት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ የሚተርፉት ይራባሉ። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከተጻፈበት ያነሰ የተጭበረበረ መድኃኒትም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

በሌላ በኩል ትክክለኛውን አንቲባዮቲክ ባለማግኘት የሚሞተው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። በገጠር በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን በጣም ርካሽ በሆነ ክኒን ሊድን ሲችል ጤና ጣቢያው ስለሚርቅ ወይም መድኃኒቱ ስላለቀ ይሞታል። ስለዚህ «አንቲባዮቲክ ይቀነስ» የሚለው ቀጥተኛ መልእክት ለድሃ ሀገራት ብቻውን አይሠራም። ለሚያስፈልገው ሰው ማዳረስና ለማያስፈልገው መከልከል ሁለቱም በአንድ ጊዜ መከናወን አለባቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለማስታረቅ በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። የመጀመሪያው ምድብ እንደ አሞክሳሲሊን ያሉትን፣ ለተለመዱ ኢንፌክሽኖች ቀዳሚ ምርጫ የሆኑና በሁሉም ዘንድ ሊገኙ የሚገባቸውን መድኃኒቶች ይዟል። ሁለተኛው እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶን ያሉትን፣ በጥንቃቄና በክትትል ብቻ የሚሰጡትን ያካትታል። ሦስተኛው እንደ ኮሊስቲን ያሉትን የመጨረሻ መጠባበቂያዎች የያዘ ነው።

በዚህ ላይ የንጹሕ ውኃና የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ይጨመራል። ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በእጅ፣ በውኃና በምግብ ነው። የአንድ ሆስፒታል ቧንቧ ውኃ በማይኖረው ቀን አንዱ ታካሚ ጋር ያለው ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ዕድል ይሰፋል።

ሐኪሙ በግምት ሲያክም

በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የተሳተፈበት፣ በአፍሪካና በደቡብ እስያ ሰባት ሀገራት የተካሄደ ጥናት ውጤቱ በ2021 ታትሟል። ጥናቱ ያተኮረው በአራስ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን ላይ ነበር። በጥናቱ ከተገኙት ባክቴሪያዎች ቀዳሚውን ቦታ የያዘው ክሌብሲየላ የተባለው ሲሆን ለአራሶች በቅድሚያ የሚታዘዙትን አምፒሲሊንንና ጄንታማይሲንን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ብዙ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ማለት ሐኪሙ መመሪያውን በትክክል ተከትሎም ሕክምናው ሊከሽፍ ይችላል ማለት ነው።

ትክክለኛውን መድኃኒት ለመምረጥ ከታማሚው ደም ወይም ሽንት ናሙና ወስዶ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ፣ ከዚያም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መፈተሽ ያስፈልጋል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ይወስዳል፤ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ያልተቋረጠ መብራትና በየጊዜው የሚሟላ ግብዓትም ይሻል። በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ ሀገራት ይህን ምርመራ ማድረግ የሚችሉት ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው። በቀሩት ሐኪሙ በልምድና በግምት ያክማል፤ የታማሚው ሁኔታ ሲያስፈራውም ሰፊ ጉልበት ያለውን መድኃኒት ያዝዛል። ይህ ለአንዱ ታማሚ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ በሺህ ሲባዛ ግን ለቀጣዩ ታማሚ የሚቀረውን ያመነምናል። ላቦራቶሪ ከሌለ ደግሞ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ከተማ መሥራት እንዳቆመ የሚያውቅ አይኖርም።

ሠርተው የታዩ መፍትሔዎች

ችግሩ ከባድ ቢሆንም የሚገታ መሆኑን የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። ስዊድን እንስሳትን ለማወፈር አንቲባዮቲክ በመኖ መጨመርን በ1986 በመከልከል ቀዳሚ ሆነች። በጊዜው የከብትና የአሳማ እርባታ ይከስራል የሚል ፍርሃት ነበር። አርቢዎቹ ግን የበረት ንጽሕናን በማሻሻልና መጨናነቅን በመቀነስ ሥራቸውን ቀጠሉ። የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳዩን እገዳ ከጥር 2006 ጀምሮ በሁሉም አባል ሀገራት ተግባራዊ አደረገ። ዩናይትድ ስቴትስም ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉ አንቲባዮቲኮች ለማወፈሪያነት እንዳይውሉ በ2017 ከልክላለች።

ሳዑዲ ዓረቢያ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ሕግ በ2018 በጥብቅ ማስፈጸም ጀመረች። ክልከላው ቀድሞም በወረቀት ላይ ነበር፤ የተለወጠው ቁጥጥሩና ቅጣቱ ነው። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ያለ ማዘዣ የሚሸጡ ፋርማሲዎች ቁጥር በእጅጉ መቀነሱ ታይቷል።

ፓኪስታን ደግሞ በክትባት በኩል የሚገኘውን ትምህርት ትሰጣለች። በ2016 መጨረሻ በሲንድ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ሃይደራባድ ከተማ አምስት ዓይነት መድኃኒቶችን የሚቋቋም ታይፎይድ ተቀሰቀሰ። ሐኪሞች በአፍ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች በእጃቸው የቀረው በዋናነት አዚትሮማይሲን ብቻ ነበር። ሀገሪቱ በ2019 አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ውስጥ በማካተት ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። በሃይደራባድ የተደረገ ጥናት ክትባቱ መድኃኒት የተላመደውን ታይፎይድ ከ90 በመቶ በላይ እንደሚከላከል አሳይቷል። ያልታመመ ሕፃን መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ለባክቴሪያውም የመላመድ ዕድል አይሰጥም።

ኢትዮጵያም የራሷ ድርሻ አላት። መድኃኒት የተላመደ ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ሰዎች ለ20 ወራት ያህል ክኒን መዋጥ፣ ለወራትም የመስማት ችሎታን ሊጎዳ የሚችል መርፌ መወጋት ነበረባቸው። ይህን ያህል ጊዜ በሕክምና መጽናት ከባድ በመሆኑ ብዙዎች መሐል ላይ ያቋርጡ ነበር። ሕክምናውን ማሳጠር ይቻል እንደሆነ ለማወቅ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ አንድ ሰፊ ሙከራ ተካሄደ፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ታካሚዎችም ተሳታፊ ነበሩ። በ2019 የታተመው ውጤት ከ9 እስከ 11 ወራት የሚፈጀው ሕክምና ከረጅሙ ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አረጋገጠ፤ በሁለቱም ከመቶ ታካሚ 80 ገደማው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ደግሞ መርፌ የሌለውን የስድስት ወር ሕክምና ደግፏል። ይህ እድገት አስፈላጊ ነው፤ በድርጅቱ ግምት በ2023 ብቻ 400 ሺህ ያህል ሰዎች ዋናውን መድኃኒት በተላመደ ሳንባ ነቀርሳ ተይዘዋልና።

አዲስ መድኃኒት ለምን ራቀ?

ዛሬ የሚሠራባቸው አብዛኞቹ የአንቲባዮቲክ ቤተሰቦች የተገኙት ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ባሉት ዓመታት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት በብዛት የቀደሙት ማሻሻያዎች ናቸው። ምክንያቱ በከፊል ሳይንሳዊ ነው፤ በከፊል ግን የገበያ ነው።

የደም ግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው ለዓመታት ይወስደዋል። አንቲባዮቲክ ግን ለአንድ ሳምንት ይወሰድና ይቆማል። ከዚህም በላይ አዲስና ጠንካራ አንቲባዮቲክ ሲወጣ ሐኪሞች እንዳይላመድ ብለው ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል። ለኅብረተሰቡ የሚበጀው ቁጠባ ለአምራቹ ኪሳራ ነው። አካኦጀን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጠንካራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሆን መድኃኒት ሠርቶ በ2018 ፈቃድ አገኘ፤ ዓመት ሳይሞላው በሚያዝያ 2019 ግን የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። መድኃኒቱ ስላልሠራ አልነበረም፤ ስላልተሸጠ ነው።

እንግሊዝ ለዚህ አንድ መውጫ ሞክራለች። በ2022 የሀገሪቱ የጤና አገልግሎት ለሁለት አንቲባዮቲኮች ክፍያውን ከሽያጩ ብዛት ነጥሎ እንደ ዓመታዊ ደንበኝነት ለእያንዳንዱ እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ መክፈል ጀመረ። ኩባንያው ብዙ ተሸጠም ጥቂት ያው ገንዘብ ስለሚያገኝ መድኃኒቱን እንዲሸጥ የሚገፋፋው ነገር አይኖርም። ነገሩ የእሳት አደጋ መኪናን ይመስላል፤ ለመኪናው የሚከፈለው ባጠፋው ቃጠሎ ቁጥር ሳይሆን ዝግጁ ሆኖ በመቆየቱ ነው።

በምርምሩ በኩል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተስፋ አሳድሯል። የአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2020 ኮምፒውተርን በማሠልጠን በሺህ ከሚቆጠሩ ውሕዶች መካከል ሃሊሲን ብለው የሰየሙትን ባክቴሪያ ገዳይ ለይተዋል። ይሁንና ከላቦራቶሪ ግኝት እስከ ፋርማሲ ያለው መንገድ ዓመታት የሚወስድ ነው። የሚመጣው አዲስ መድኃኒትም ቢሆን በአሮጌው ልማድ ከተሠራበት የአሮጌውን ዕጣ ይጋራል።

የመንግሥታት ቃል

በመስከረም 2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተሰበሰቡት መሪዎች ከመላመዱ ጋር የተያያዘውን ሞት ከ2019 ጋር ሲነጻጸር በ2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተዋል። በዓለም ላይ ለሰው ከሚሰጡት አንቲባዮቲኮች ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆኑም ግብ አስቀምጠዋል። ሀገራት ዕቅዳቸውን በገንዘብ እንዲደግፉ ለመርዳት የታሰበው 100 ሚሊዮን ዶላር ግን ከችግሩ ስፋት ጋር ሲተያይ አነስተኛ ነው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ስትራቴጂ በ2011 ያወጣች ሲሆን በ2015 እና በ2021 አድሳዋለች፤ የመጨረሻው የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድነት የሚመለከት ነው። እንደ ብዙ ሀገራት ሁሉ ፈተናው ከሰነዱ በኋላ የሚመጣው ነው፦ የላቦራቶሪ ግብዓት መግዛት፣ የፋርማሲ ቁጥጥርን ማጥበቅ፣ የእንስሳት መድኃኒት ገበያን ሥርዓት ማስያዝ፣ የሆስፒታሎችን ውኃ አለማቋረጥ።

ድንበር የሌለው ጉዳይ

ጉዳዩ ከሀገር ርቆ የሚኖረውን ሰውም ይነካል። ከ2 ሺህ በላይ የኔዘርላንድስ ተጓዦችን ተከታትሎ በ2017 የታተመ ጥናት ከመሄዳቸው በፊት ብዙ አንቲባዮቲኮችን የሚሰብር ኢንዛይም ያለው ባክቴሪያ በአንጀታቸው ካልነበረባቸው መካከል 34 በመቶው ይዘውት መመለሳቸውን አሳይቷል። ወደ ደቡብ እስያ ከተጓዙት ደግሞ 75 በመቶው ይዘውት ተመልሰዋል። አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ነጽተዋል፤ ከዘጠኙ አንዱ ግን ከዓመት በኋላም ተሸካሚ ነበር። ጤነኛ ሰው ይህን ባክቴሪያ ተሸክሞ ምንም ላይሰማው ይችላል። አደጋው ሆስፒታል ሲተኛ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ይመጣል።

ስለዚህ በቅርቡ በሌላ ሀገር ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው በሚኖርበት ሀገር ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይህን መናገሩ ይጠቅመዋል። በበርካታ የአውሮፓ ሀገራት ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ ታካሚ ሲገባ ቀላል የናሙና ምርመራ የሚያደርጉት ለማግለል ሳይሆን ትክክለኛውን መድኃኒት ለመምረጥና ሌሎችን ለመጠበቅ ነው።

ወደ ሀገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ የሚላክ አንቲባዮቲክ፣ ወይም ከሀገር ቤት «ለክፉ ቀን» ተብሎ የሚመጣ ካፕሱል ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ምርመራ ያልቀደመው መድኃኒት ሕመሙን ሊሸፍነው፣ የላቦራቶሪ ውጤትንም ሊያዛባ ይችላል። ለዘመድ በስልክ የክኒን ስም ከመንገር ይልቅ ያንኑ ገንዘብ ለምርመራ መላክ የበለጠ ይረዳዋል።

ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በተመለከተም ምክሩ ግልጽ ነው፦ በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ጊዜ መውሰድ። ለአንዳንድ ኢንፌክሽኖች ቀድሞ ይሰጥ ከነበረው ያጠረ ሕክምና እንደሚበቃ ጥናቶች እያሳዩ ነው፤ ለሳንባ ነቀርሳ ግን ማቋረጥ እጅግ አደገኛ ነው። ማጠሩንና አለማጠሩን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ የታማሚው መሻል አይደለም። ሐኪሙ «ይህ በቫይረስ የመጣ ነው፤ አንቲባዮቲክ አያስፈልግህም» ሲል ደግሞ ነፍጎ ሳይሆን ጠብቆ ነውና ሌላ ሐኪም ፍለጋ መሄድ አይገባም። እጅን በሳሙና መታጠብና የሕፃናትን ክትባት በጊዜው ማስጨረስ ከመድኃኒት ቤት የማይገዛ መከላከያ ነው።

በእነዚህ እርምጃዎች የሚጠቀመው ሰው ብዙውን ጊዜ እርምጃውን ከወሰደው ሰው ጋር አይተዋወቅም። በአንድ ከተማ ያለ አግባብ ያልተዋጠ ክኒን በሌላ ከተማ ለሚወለድ ሕፃን የሚሠራ መድኃኒት ሆኖ ይቆያል። ይህን ትርፍ በስሙ መዝግቦ የሚያሳይ ሒሳብ የለም፤ የአራሶች ክፍል ሐኪም ግን የታዘዘው የመጀመሪያው መድኃኒት ሲሠራና ሳይሠራ ሲቀር ልዩነቱን በየቀኑ ያየዋል።